ሥርዓተ ጾታ «ለደረሳችሁ» እና ለመረጣችሁ፦ ከሐዋሳ የተጻፈ መመሪያ

ግቢ ውስጥ የዲፓርትመንት ምደባ የወጣ ቀን ሁሉም የሚጠያየቀው አንድ ነገር ነው። «ምን ደረሰሽ?» «ምን ደረሰህ?» ምን መረጥሽ የሚል የለም። እንደ ዕቁብ ዕጣ ነው የሚወራው።

እኔ ጀንደር፣ ማለትም ሥርዓተ ጾታ፣ ደረሰኝ። አራተኛ ምርጫዬ ነበር። ማታ ለአባቴ ስደውል ትንሽ ዝም አለና «እና ስትጨርሺ ምን ትባያለሽ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። የዶርም ልጆች ደግሞ ዝም የሚሉ አይደሉም። «ከባል ጋር መጣላት ለመማር ይሄን ሁሉ ዓመት?» ብለው ሳቁብኝ። አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

ዛሬ ተማሪዎች ሲጠይቁኝ የምነግራቸው ነገር አለኝ። ይህን ትምህርት ሃንድአውት ሸምድዶ ማለፍ ይቻላል። እንደዚያ ያለፉ ልጆች ግን ሲመረቁ እጃቸው ላይ የቀረ ነገር የለም። የተጠቀመው ወጥቶ ያየ፣ ቆጥሮ የጻፈና ሕግ ያነበበ ነው። ሐዋሳ ለዚህ ትመቻለች። ሐይቁ፣ ፋብሪካው፣ ገበያው፣ የእንሰቱ ገጠር፣ ሁሉም በባጃጅ ወይም በሚኒባስ የሚደረስባቸው ናቸው።

መጀመሪያ ስሙን አጥሩ

በአማርኛ «ጾታ» እና «ሥርዓተ ጾታ» ሁለት ነገር ናቸው። ጾታ ከተፈጥሮ የመጣው ነው። ሥርዓተ ጾታ ኅብረተሰቡ «ወንድ እንዲህ ነው፣ ሴት እንዲህ ናት» ብሎ የሠራው ነው። ይህን በመጀመሪያው ሳምንት ትማሩታላችሁ፤ ፈተና ላይም ይመጣል። ትርጉሙን መጻፍ ቀላል ነው። ነገሩን ሲያዩት መለየት ነው የሚያስቸግረው።

ራሳችሁን በዚህ ፈትኑ። ልጅ መውለድ ጾታ ነው። ቡና ማፍላትስ? ቡና ለማፍላት ማህፀን አያስፈልግም። ወጥ መሥራትስ? ወንድ ማጀት ሲገባ ነውር የሚለው ሰው፣ ትልቅ ሆቴል ገብቶ ነጭ ቆብ ያደረገ ወንድ ሼፍ ሲያይ ምንም አይመስለውም። ደመወዝ ሲከፈልበት ነውሩ ጠፋ። እንዲህ ያለ ምሳሌ በራሳችሁ ዓይን ሃያ ያህል ሳታገኙ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ አትሂዱ።

ደግሞ ትምህርቱ ስለ ሴቶች ብቻ አይደለም። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ተብሎ ያደገውም ልጅ ውስጡ አለ። በእኛ ክፍል የነበሩት ጥቂት ወንዶች መጀመሪያ ከኋላ ነበር የሚቀመጡት። ስለ ወንድነት የተማርን ሳምንት ግን ከሁላችንም በላይ ያወሩት እነሱ ነበሩ።

የት ነው የሚማሩት?

ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ይህን በመጀመሪያ ዲግሪ አይሰጥም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ዘርፍ ይበልጥ የሚታወቀው በድኅረ ምረቃው ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጀንደርና ልማት ጥናት ትምህርት ክፍል አለው። ሐዋሳ ላይ ነገሩ ለየት ይላል። ጀንደር ያደገው ግብርና ኮሌጁ ውስጥ፣ ከአካባቢና ከልማት ጥናት ጋር በአንድ ጣራ ሥር ነው። «ጀንደርና በሬ ምን አገናኛቸው?» የሚል አይጠፋም። ኤስተር ቦዘረፕ የምትባል ዴንማርካዊት የኢኮኖሚ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳየችው ይህንኑ ነበር። ልማት የሚባለው ነገር ገጠር ሲገባ ወንዱን ብቻ «ገበሬ» ብሎ መዝግቦ፣ አብራ የምታርሰውንና የምታርመውን ሴት ረስቷታል።

የሚከፈቱ ፕሮግራሞች ከዓመት ዓመት ይቀያየራሉ። ምርጫ ከመሙላታችሁ በፊት ሬጅስትራር ሄዳችሁ የዘንድሮውን ዝርዝር እዩ። ሲኒየር የነገራችሁን ብቻ ይዛችሁ አትሙሉ፤ እሱ የሚያውቀው የራሱን ባች ነው።

ፕሮግራሙ በመጀመሪያ ዲግሪ ካልተከፈተ ሌላ በር አለ። ሶሲዮሎጂ፣ ሶሻል አንትሮፖሎጂ ወይም ሕግ ግቡ፤ የቤተሰብና የሥርዓተ ጾታ ኮርሶችን በደንብ ውሰዱ፤ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን እዚያው ላይ ሥሩ። ዲግሪያችሁ ላይ ጀንደር የሚል ባይጻፍም ቀጣሪ ጽሑፋችሁን ያያል።

ፍሬሽ ዓመት

ይሄኛው አጭር ነው። አንትሮፖሎጂና ሳይኮሎጂ በኋላ ይጠቅሟችኋል። ሎጂክን አትናቁ፤ ዶርም ውስጥ የሚነሳው ክርክር ግማሹ እዚያ ኮርስ ላይ ስም አለው። ሒሳቡንም «ሶሻል ገብቼ ምን ያደርግልኛል» ብላችሁ አትጣሉት። ለምን እንደምል ቁጥር ጋ ስንደርስ ታያላችሁ።

ለሴቶቹ አንድ ነገር። «አንቺ እኮ በድጋፍ ነው የገባሽው» የሚል ልጅ መቼም አይጠፋም። አትሸማቀቁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ንኡስ 3ን አውጥታችሁ አንብቡለት። ሴቶች በታሪክ የደረሰባቸውን የእኩልነት መጓደል ለማካካስ የድጋፍ እርምጃ መብት ነው ይላል። የግቢው የሥርዓተ ጾታ ጽሕፈት ቤት ቱቶሪያል ካዘጋጀ ደግሞ ሂዱ። ኩራት ውጤት አያመጣም።

አንደኛው ደብተር፦ የምንናገረው

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣን። ሁለት ደብተር ግዙ። አንደኛው ለቋንቋ ነው።

ይህን ጽሑፍ ስጀምር አንባቢዬን «አንቺ» ልበል «አንተ» ብዬ ተቸግሬ «እናንተ» ላይ አረፍኩ። አማርኛ አፋችንን ገና ስንከፍት ጾታ ያስመርጠናል። መጣህ፣ መጣሽ። በላ፣ በላች። የሚገርመው ግን «እሳቸው» ስንል ነው። «እሳቸው መጡ» ሲባል የመጡት አባ ይሁኑ እማማ ግሱ አይነግራችሁም። አክብሮት ሲገባ ጾታ ይወጣል። ኦየሮንኬ ኦየዉሚ የምትባል ናይጄሪያዊት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1997 በዮሩባ ላይ ተመሳሳይ ነገር ተከራክራለች፤ በእነሱ ቋንቋና ኑሮ ከጾታ ይልቅ ታላቅና ታናሽ መሆን ነበር ሰውን የሚለየው ትላለች። ክፍል ውስጥ ስሟ ሲነሳ እጃችሁን አውጡና የአማርኛውን «እሳቸው» ንገሯቸው። እኔ ያገኘሁት የመጀመሪያው «ጎበዝ» በዚህ ነው።

ደብተሩ ላይ ምን ይጻፋል? የሰማችሁት ሁሉ። ልጅቷ ከባድ ዕቃ ስታነሳ «ወንዳታ!» ትባላለች፤ ምስጋና ነው። ያላገባ ወንድ «ላጤ» ነው፤ ቀለል ያለ ስም። ያላገባች ሴት ግን «ቆማ ቀረች»። «ሴት ሹፌር» እንላለን፤ «ወንድ ሹፌር» የሚል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ተረትና ምሳሌም ሰብስቡ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» ሁሉም ያውቀዋል። «ሴት የላከው ጅብ አይፈራም»ም አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። በአንዱ ዕውቀቷ ብቻውን አይበቃም፤ በሌላው አንድ ቃሏ ጅብ ፊት ሰው ያቆማል። አንድ ማኅበረሰብ ሁለቱንም እንዴት ይናገራል? መልስ አትቸኩሉ። ማን፣ መቼ፣ ለማን እንደተናገረው ጻፉ፤ ያለዚያ የተረት ስብስብ ብቻ ነው የሚሆነው።

ሲዳምኛ ወይም ኦሮምኛ የምታውቁ ልጆች እዚህ ላይ ትበልጡናላችሁ። የኦሮሞ እናቶች ሲንቄ የሚሏት በትር አለቻቸው፤ ሲንቄዋን ይዘው በአንድነት ከወጡ የበደለ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም። በሲዳማም ሴቶች ተሰብስበው የተበደለችውን የሚያስክሱበት ያካ የሚባል ሥርዓት አለ። አያታችሁን ጠይቁ። «የሴቶች መብት ከውጭ የመጣ ነው» ለሚል ሰው ከየትኛውም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ የተሻለ መልስ እሳቸው ጋ ነው።

ሁለተኛው ደብተር፦ ከተማው

እዚህ ሕጉ አንድ ነው። አስተያየት አይጻፍም። ይቆጠራል።

ለሙከራ ጠዋት አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው ዓሣ ገበያ፣ ሂዱ። አንድ ቦታ ምረጡና ሁለት ሰዓት ተቀመጡ። ገጹን በአራት ክፈሉት፦ ማን ነው? ምን ይሠራል? ገንዘቡን ማን ተቀበለ? ዋጋውን ማን ወሰነ? ከጀልባ የሚያወርደው፣ ዓሣውን የሚበልተው፣ የሚጠብሰው፣ የሚሸጠው፣ ሁሉም በየመስመሩ ይግባ። በሌላ ቀን በዚያው ሰዓት ተመለሱ። ሦስተኛ ቀንም። በአንድ ቀን ብቻ የታየ ነገር ወሬ ነው። ዓሣ ገዝታችሁ ብሉ ደግሞ፤ ምንም ሳይገዛ ሁለት ሰዓት የሚጽፍ ሰው ያስጠረጥራል።

ቀጥሎ ገጠር። ከሐዋሳ ትንሽ ወጣ ብትሉ የእንሰት አገር ነው። እንሰቱን የሚፍቁትና ቆጮውን የሚያዘጋጁት ሴቶች ናቸው፤ የቀን ሥራ ሳይሆን የሳምንታት ሥራ ነው። እዚህ ላይ ትምህርቱ አንድ ጥሩ መሣሪያ ይሰጣችኋል። ነገሩን ማግኘትና በነገሩ ላይ መወሰን ይለያያሉ ይላል። ስለዚህ «ቤታችሁ ላም አለ?» ብላችሁ አታቁሙ። ላሟን ማን ያልባል? ቅቤውን ማን ይሸጣል? የቅቤው ብር ማን ኪስ ይገባል? ላሟ ራሷ ስትሸጥስ ማን ይጠየቃል? አራቱ ጥያቄዎች አራት የተለያየ መልስ ሲሰጧችሁ ትምህርቱ ያኔ ገባችሁ ማለት ነው።

ከዚያ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ። በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ጀምሮ ብዙው ሠራተኛ ወጣት ሴት ነው፤ ከገጠር የመጣች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ደመወዝ የያዘች። አገራችን ለግል ዘርፍ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የላትም። ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያ አጎዋ ከሚባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነጻ የገበያ ዕድል ስትታገድ ደግሞ ዱላው መጀመሪያ ያረፈው በእነዚህ ልጆች ላይ ነበር። ማነጋገር ከፈለጋችሁ በር ላይ አትጠብቋቸው። ሲወጡ ደክሟቸዋል፣ አለቃም ያያል። እሑድ ከሰዓት፣ ሦስት አራት ሆነው በተከራዩት ክፍል፣ ፈቅደው ሲጠሯችሁ ሂዱ። ስኳርና ቡና ይዛችሁ።

የኪምበርሌ ክሬንሾው ሐሳብ ለእኔ የገባኝ እንደዚያ ባለ ክፍል ውስጥ ነው። ክሬንሾው አሜሪካዊት የሕግ ምሁር ናት። እ.ኤ.አ. በ1989 ያነሳችው ጉዳይ የመኪና ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካው ጥቁር ወንዶችን ማሽን ላይ፣ ነጭ ሴቶችን ቢሮ ውስጥ ይቀጥራል። ጥቁር ሴቶቹ ሲከሱ ፍርድ ቤቱ «ጥቁርም ቀጥሯል፣ ሴትም ቀጥሯል» አላቸው። ሁለቱን በአንድ ላይ የሆነችው ሴት መሐል ላይ ወደቀች። የእኛዋ ልጅ ደግሞ ሴት ናት፣ ከገጠር ናት፣ የከተማ መታወቂያ የላትም፣ የአከራይዋን ቋንቋም አትችል ይሆናል። የቱ ነው የጎዳት ብሎ ነጥሎ መጠየቅ ስህተት ነው።

ይህ ሁሉ ሩቅ ከሆነባችሁ ከግሩፕ አሳይመንታችሁ ጀምሩ። የሚጽፈው ማን ነው? ፕሪዘንት የሚያደርገውስ? ስንት ጊዜ? ቁጠሩ። እኛ ስንቆጥር ክፍሉ ለሁለት ቀን ተኳርፏል።

ሕጉን ራሱን አንብቡ

«ሕጉ እኮ ይፈቅዳል»፣ «ሕጉ እኮ ይከለክላል» የሚል ሰው ብዙ ነው። አንብቦት የሚያውቅ ጥቂት ነው። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግና የ1992ቱን የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213ን፣ ጎን ለጎን አስቀምጡ። በአሮጌው ባል የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ነበር፤ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ መዳር ትችል ነበር። በአዲሱ ባልና ሚስት እኩል ናቸው፤ ዕድሜው ለሁለቱም 18 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው 40 ዓመት ራሱ አንድ ኮርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለዚህ ለውጥ ብዙ ደክሟል። ከመሥራቾቹ አንዷ መዓዛ አሸናፊ ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነበሩ።

ተማሪ የሚስተው አንድ ነጥብ አለ። የቤተሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የክልሎችም ነው። የፌዴራሉን ጠቅሳችሁ ስለ አንድ የሲዳማ ወረዳ ብትደመድሙ አድቫይዘራችሁ በቀይ ያሰምርበታል።

የወንጀል ሕጉንም ጨምሩ፤ ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት ነው። ግርዛት፣ ጠለፋ፣ ያለዕድሜ ጋብቻ፣ እያንዳንዳቸው አንቀጽ አላቸው። ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ደግሞ ይችን ያዙ፦ ለእናት የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ በኋላ 90 ቀን። ለአባት 3 ቀን። ሕፃኑን ማን እንዲይዘው ሕጉ እንደጠበቀ ከቁጥሩ አንብቡት።

አንድ ክረምት ቤት ሄጄ የመሬት ይዞታ ደብተራችንን አውጡልኝ አልኩ። አባቴ ምን አስፈለገሽ እያለ ከሣጥን አወጣው። የእናቴም ስምና ፎቶ አለበት። እናቴ ፎቶ መነሳቷን እንጂ ለምን እንደተነሳች አታስታውስም። ያን ቀን ማታ ስለ ደብተሩ ያወራነውን ያህል ስለ ጀንደር አውርተን አናውቅም።

ቁጥር

አሁን ወደ ሒሳቡ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገውን የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ክፈቱ፤ ሪፖርቱ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። ጥሬ መረጃውንም ተመዝግባችሁ፣ ለምን እንደፈለጋችሁት ጽፋችሁ ማግኘት ይቻላል። ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 65 በመቶው የተገረዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው ጥናት 80 በመቶ ነበር። ወርዷል። አሁን የእናንተ ሥራ ወጣቶቹንና ትልልቆቹን፣ ከተማውንና ገጠሩን ለይቶ ማየት ነው፤ ድምሩ ብቻውን ብዙ ይደብቃል።

እኔን ለሳምንት እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ሠንጠረዥ ነው። ባል ሚስቱን ለመምታት ምክንያት ሊኖረው ይችላል ከተባሉት ነጥቦች ቢያንስ በአንዱ የተስማሙ ሴቶች 63 በመቶ ናቸው። ወንዶች 28 በመቶ። ሴቶቹ ከእጥፍ በላይ! አንድ ልጅ ክፍል ውስጥ «ይኸው፣ ራሳቸው ፈቅደዋል» አለ። ሌላዋ «ወንዶቹ ዋሽተው ነው» አለች። ሁለቱም ቸኩለዋል። ጥያቄው «ልክ ነው ወይ» ነው የሚለው ወይስ «ይደረጋል ወይ» ሆኖ ተሰማቸው? ጠያቂው ማን ነበር? መማር ያመጣው ለውጥ አለ? የአንድ ቁጥር ጓዳ ገብቶ እንዲህ መጠየቅ ነው ትምህርቱ። ለዚህ ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን ፕሮግራም ተማሩ፤ መቶኛና ሠንጠረዥ ማውጣት ብቻ ከቻላችሁ ከብዙ ተመራቂ ትቀድማላችሁ።

የሰው ቁስል ስትነኩ

የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ብዙው ተማሪ «ጥቃት» የሚል ርዕስ ይመርጣል። ከባድ ስለሆነ ጥሩ ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ አድርጌ ተሳስቻለሁ።

አንዲት ሴት ቤቷ ድረስ ሄጄ እየጠየቅኋት ነበር። በደንብ ትነግረኛለች። አማቷ ቡና ይዘው ገቡና ቁጭ አሉ። እኔ ጥያቄዬን ቀጠልኩ! ሴትዮዋ ፊቷ ተለወጠ፤ «እኛ ቤት እንደዚህ ያለ ነገር የለም» አለች። እኔ ከሄድኩ በኋላ ምን እንደተባለች አላውቅም። እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

እንዳይደርስባችሁ እንዲህ አድርጉ። ቤቷ አትጠይቁ፤ ብቻዋን የምትሆንበትን ቦታ እሷ ትምረጥ። ሰው ድንገት ከገባ የምትዞሩበት ሌላ ገጽ ይኑራችሁ፤ ስለ ልጆች ክትባት፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ኑሮ ውድነት። አስተርጓሚ ካስፈለገ ሴት ትሁን፣ ከዚያው ቀበሌ ያልሆነች። ስም አትጻፉ። ድምፅ የምትቀዱት ከፈቀደች ብቻ ነው። ማልቀስ ከጀመረች ደብተሩን ዝጉ። እርዳታ ከፈለገች የምትልኳት ቦታ፣ ማለትም ሆስፒታል፣ ፖሊስ ጣቢያ ያለው የሴቶችና ሕፃናት ክፍል፣ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ፣ አስቀድሞ ሄዳችሁ ያያችሁት ይሁን። በወረቀት ላይ ያለ ስልክ ሁልጊዜ አይነሳም። እናንተ ግን «አስፈታልሻለሁ»፣ «አስከስስልሻለሁ» እንዳትሉ። አትችሉም።

ይህ ሁሉ ከበዛባችሁ ሌላ ርዕስ ውሰዱ። የእንሰት ሥራ ሰዓት፣ የባጃጅ ሹፌሮች ስለ ወንድነት የሚሉት፣ የዕድር ስብሰባ ላይ ማን ይናገራል። ቀላል አይደሉም፤ ግን ሰው አይጎዱም።

ስትጨርሱ

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ መውጫ ፈተና አለ፤ 50 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ለመጨረሻው ወር አትተዉት። ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ የየኮርሱን ማስታወሻ በአንድ ፋይል አጠራቅሙ።

ሥራው የት ነው? የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሴቶች ጉዳይ የሥራ ክፍል አላቸው። እርዳታ ድርጅቶችም የሥርዓተ ጾታ ባለሙያ ይቀጥራሉ። ከ2001 እስከ 2011 ዓ.ም. በነበረው የበጎ አድራጎት ሕግ በመብት ላይ የሚሠራ የአገር ውስጥ ድርጅት ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ ገንዘብ ማግኘት አይችልም ነበር፤ ዘርፉ ቀጭጮ ነበር። በ2011 አዋጅ ቁጥር 1113 ሲወጣ በሩ ተከፍቷል። ያም ሆኖ «የጀንደር ግንዛቤ አለኝ» የሚል ማመልከቻ ብዙ ነው። እናንተ ጻፉ፦ ኮቦ በሚባለው የመረጃ መሰብሰቢያ ፕሮግራም መጠይቅ ሠርቼ መረጃ ሰብስቤያለሁ፤ በኤክሴልና በኤስፒኤስኤስ እሠራለሁ፤ ሲዳምኛ እናገራለሁ፤ ይኸው የአሥር ገጽ ሪፖርቴ። ዓሣ ገበያ የቆጠራችሁባት ሠንጠረዥም ትያያዝ። እኔን የቀጠሩኝ ሰዎች መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ እሷ ነው።

አባቴ አሁን ጎረቤት ሲጠይቀው «ጀንደር ናት» ይላል። ሰውዬው ካልገባው «ያው እንደ ሕግ ነገር ነው፣ መሬትም ያውቃሉ» ብሎ ይጨምርበታል።